አለባበሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይታለፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሬዲዮ ስለሚመሩ ትልልቅ ሞዴል አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሬዲዮው፣ መሪዎቹን ስለሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ስለ ሰርቮው በደንብ ተብራርቷል። ጸሐፊው ለፍቶበታል፤ እጁ ይባረክ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። «አካሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ይለበስና ይቀባል» ትላለች። ከዚያ ጽሑፉ በቀጥታ ወደ በረራው ይሄዳል። ጋዜጣችሁን ብዙ ወጣቶች ያነባሉ። ይህን አንብቦ ሞዴል ለመሥራት የሚነሳ ልጅ ልባስን፣ ማለትም በካውያ ሙቀት እየተለጠፈና እየተወጠረ እንጨቱን የሚሸፍነውን ቀጭን ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ፣ የመጨረሻ ቀን ሥራ አድርጎ እንዳያስበው ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አውሮፕላኑን ይሠራል፤ እኔ አለብሳለሁ። ጨርቅ ስለማውቅ «እስኪ አንቺ ሞክሪው» ብሎ ነው ያስገባኝ። አሁን ጓደኞቹም ያልለበሰ ክንፍ ታቅፈው ወደ እኔ ይመጣሉ። ስለዚህ የምናገረው እጄ ስለሚያውቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ «ትልቅ» ስንል ምን ያህል እንደሆነ ልናገር። በተለምዶ ባለ አንድ ክንፍ ሞዴል ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ገደማ ሲደርስ ትልቅ ይባላል። ባለ ድርብ ክንፍ ከሆነ 60 ኢንች ይበቃዋል። ታዋቂውን ፓይፐር ጄ-3 ካብ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የተመረተ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ በጎኑ ጥቁር መስመር የሚሄድበት አውሮፕላን ነው። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ተሠርቷል። የእውነተኛው ክንፍ 10.7 ሜትር ነው። በሩብ መጠን ሲሠራ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ክንፍ እንዳለ ለማጓጓዝ አይመችም፤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚጓዘው።

ትንሽ ሞዴል ፊታችን ላይ ሽው ብሎ ያልፋል። ትልቁ ግን ዝግ ብሎ ይበራል፤ ዓይን ተከትሎት ይሄዳል። መሬት ላይ ሲቆምም ሰው ይከበዋል። ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል። በክንፉ ጎድኖች፣ ማለትም የክንፉን ቅርጽ በሚይዙት የእንጨት አጥንቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሰፊ ስለሆነ ልባሱ ቶሎ ይላላል። ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከተገጠመለት ደግሞ መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል። ትንሹ ላይ ማንም የማያስተውለው ጉድለት እዚህ ከሩቅ ይታያል።

ዋናው ሐሳቤ ይኸው ነው። የሚያምር ልባስ የሚሠራው ልባሱ ከጥቅሉ ከመውጣቱ በፊት፣ እንጨቱ ላይ ነው። ሰዎች መጥተው «ምን ዓይነት ካውያ ነው የምትጠቀሚው?» ይሉኛል። መጠየቅ የነበረባቸው ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ ነበር።

ቀጭን ፕላስቲክ ልባስ ምንም ነገር አይደብቅም። ሲወጠርና ሲያብረቀርቅ ከሥሩ ያለው ሁሉ ብቅ ይላል። የኮላ ጠብታ፣ የስፒል ቀዳዳ፣ ሁለት የባልሳ (እጅግ ቀላልና ለስላሳ እንጨት) ሉሆች የተገናኙበት መስመር፣ ሁሉም። ስለዚህ በ120 ቁጥር ወረቀት ትልልቁን ጉብታ እናወርዳለን። በ220 እናስተካክላለን። በ320 ወይም በ400 እንጨርሳለን። ወረቀቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ መለጠፍ አለበት። በጣት ይዘው ከፈተጉት ለስላሳው ባልሳ ይበላና ጠንካራው የኮላ መስመር ቆሞ ይቀራል። ያ መስመር ከልባሱ ሥር እንደ ጅማት ይታያል።

ጉድጓድ በስቱኮ ይሞላል፤ ግን ለባልሳ በሚሆን ቀላል ስቱኮ። የግድግዳ ስቱኮ ከባልሳው ስለሚጠነክር ሲፈተግ እሱ ይቀራል፣ እንጨቱ ያልቃል። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። እንጨቱ ተቆርሶ ሳይሆን በጥፍር ወይም በመሣሪያ ተጭኖ ብቻ ከሰረጎደ ስቱኮም አያስፈልግም። አንዲት ጠብታ ውሃ አድርጋችሁ በሞቀ ካውያ ንኩት። እንጨቱ አብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ለወንድሜ ሳሳየው ማመን አቅቶት ነበር።

አልቋል ብዬ ሳስብ የክፍሉን መብራት አጠፋለሁ። በእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር ትይዩ አድርጌ አበራለሁ። ጉብታው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ጠርዝ እሄዳለሁ። እጅ ዓይን ያላየውን ያገኛል። ይህን ሳላደርግ ያለበስኩት ክንፍ የለም።

አቧራው ቀጥሎ ይመጣል። የባልሳ ዱቄት በጣም ደቃቅ ነው። እንጨቱ ላይ ከቀረ የልባሱ ሙጫ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ እንጨቱን አይደለም። በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይሳባል፣ አልኮል ባረጠበው ጨርቅ ይጠረጋል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የሥራ ጠረጴዛውም አብሮ ይጸዳል። ክንፍ አጽድቶ አቧራ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ልፋትን መና ማስቀረት ነው።

ከመልበሱ በፊት የሚቀር ሌላም ሥራ አለ። የሞተር ክፍሉና ነዳጅ የሚደርስበት ባዶ እንጨት ሁሉ ቫርኒሽ ይቀባል። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባለ ሦስት ክንፍ ፎከር ዲአር 1 እ.ኤ.አ. በ1917 መገባደጃ ላይ ክንፉ አየር ላይ እየተሰበረ አብራሪዎች ሞተዋል። ሲመረመር አሠራሩ የጥራት ጉድለት ነበረበት፤ እርጥበትም ክንፉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው የክንፉን ውስጠኛ እንጨት በደንብ ቫርኒሽ እንዲቀባ ታዘዘ። ልባስ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ማንም አያየውም። ስለዚህ ውስጡን አይቶ የሚፈርም ሰው ራሱ አልባሹ ነው።

አሁን ስለ ምርጫው። ፕላስቲክ ነው ወይስ ጨርቅ? ፕላስቲኩ ቀለሙም ሙጫውም አብሮት የመጣ ነው። ቀላል ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀለም መርጨት አይፈልግም። ሰማይ ላይ የሚገለባበጡ የአክሮባት ሞዴሎች ላይ እሱን ነው የምመርጠው። ድሮ ጨርቅ የለበሰን አውሮፕላን ግን በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ማልበስ አልወድም። ያን ሁሉ ጊዜ ወስዶ እያንዳንዷን ሽቦ በመጠኗ የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ የቸኮለ ያስመስለዋል። ብረት ለባሽ የጦር አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። እንጨቱ በስኩዌር ሜትር ከ17 እስከ 25 ግራም በሚመዝን ቀጭን የፋይበርግላስ ጨርቅና ኤፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ይሸፈናል፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር ይቀባል፣ ይፈተጋል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም።

ፕላስቲክን በተመለከተ ትልቁ ጉዳይ ሙቀት ነው። ልባሱ ሁለት የተለያዩ ሙቀቶች አሉት። አንዱ ሙጫው የሚይዝበት ነው፤ ሁለተኛውና ከፍ ያለው ፕላስቲኩ የሚሰበሰብበት። አልትራኮት የተባለው የልባስ ዓይነት 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይይዛል፤ 150 አካባቢ ይሰበሰባል። ሞኖኮት የተባለው ሌላው ዓይነት ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ጀማሪ ካውያውን መጀመሪያውኑ ከፍ አድርጎ ይነሳል። ጠርዙ ሳይያዝ መሐሉ ይሰበሰብና ልባሱ ከጠርዙ ይሳባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሽብሽብ ማቃናት ከባድ ነው። የካውያው መደወያ ላይ ያለውን ቁጥርም አትመኑት። የካውያውን ገጽ በቴርሞሜትር ለኩና በመደወያው ላይ የራሳችሁን ምልክት አድርጉ። ካውያው በጨርቅ ካልሲ ይሸፈን፤ አለበለዚያ የሚያብረቀርቀውን ፊት ይጭረዋል።

ልባሱን በሙቀት እወጥረዋለሁ ብሎ ላላ አድርጎ መጣል አይበጅም። በመጀመሪያ በእጅ ነው የሚወጠረው። የአንድ ሩብ መጠን ካብ ክንፍ ወርድ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የልባሱ ጥቅል ብዙውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ስለዚህ ግማሹን ክንፍ ያለ ምንም መጋጠሚያ በአንድ ቁራጭ ማልበስ ይቻላል። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ መሐል ላይ አንድ ነጥብ አስይዛለሁ። ወደ ጫፉ ሳብ አድርጌ በትይዩው አስይዛለሁ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ሁልጊዜ ከመሐል ወደ ማዕዘን። በዝቅተኛው ሙቀት ዙሪያው ሁሉ ሳይዘጋ መሐሉን አልነካም።

አንድ የሞዴል አውሮፕላን ክለብ ልጅ «እትዬ፣ ሁሌም ለምን ከሆዱ ትጀምሪያለሽ?» ብሎኛል። የኋላና የታች ክፍል መጀመሪያ ይለብሳል፤ የፊትና የላይ መጨረሻ። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ልባስ በታችኛው ላይ ይደረባል፤ መጋጠሚያው ወደ ታችና ወደ ኋላ ይመለከታል። ነፋስም የሞተር ዘይትም ከሥሩ አይገባም። ቆሞ የሚያየው ሰውም መስመሩን አያገኘውም። የሚደረበው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያውም ከሥሩ እንጨት ባለበት ቦታ። ክፍት ቦታ ላይ የተደረበ መጋጠሚያ ሲሰበሰብ ይጣመማል። ጥቁር ቀለም በነጭ ላይ ይደረባል እንጂ ነጭ በጥቁር ላይ አይደረብም፤ ጥቁሩ አልፎ ይታያል።

አረፋ ብዙ ሰው ያማርራል። አረፋ የተዘጋ አየር ነው። ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ልባሱን ያነሳል። በባልሳ ሉህ የተሸፈነ ክንፍ ላይ ከመሐል ወደ ውጭ እየገፉ መሥራት ነው። አልወጣ ያለውን በስፒል ጫፍ ወጋ አድርጎ ካውያ ማሳረፍ ይበቃል። ክፍት የሆኑት ጎድኖች መካከል ያለው አየርም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወንድሜ ክንፉን ሲሠራ እያንዳንዱ ጎድን ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንዲተው እነግረዋለሁ። ሠሪው ይህን ካላሰበበት አልባሹ ምንም ማድረግ አይችልም።

ኮከብ፣ ፊደል፣ ጌጥ በልባሱ ላይ ሲለጠፍ ካውያ ብቻውን አይሆንም። ሁለት ፕላስቲኮች መካከል አየር ይታፈናል። እኔ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ እረጫለሁ። ጌጡ በፈሳሹ ላይ ይንሸራተታል፤ ቦታውን አስተካክዬ በለስላሳ የፕላስቲክ መግፊያ ፈሳሹን ከሥሩ አወጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጠርዙን በዝቅተኛ ሙቀት አሳርፋለሁ። ቸኩሎ ሳይደርቅ ካውያ የጣለበት ሰው ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ቀይሮ አረፋ ይፈጥራል።

ክንፍ ሲወጠር ይጣመማል። ይህን ከውበት በላይ እፈራዋለሁ። ልባስ ሲሰበሰብ ኃይለኛ ነው፤ የላይና የታች ውጥረት ካልተመጣጠነ ቀጥ ያለውን ክንፍ ይጠመዝዘዋል። ግራና ቀኙ በተለያየ መልኩ ከተጣመሙ አውሮፕላኑ ገና ሲነሳ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ስለዚህ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ከተጣመመ አንድ ሰው በተቃራኒው ጠምዝዞ ይይዝልኛል፤ እኔ የላላውን በሙቀት አየር እሰበስባለሁ። ይቀዘቅዛል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይታያል። በዚህ ሰዓት ስልክ አላነሳም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ጨርቁ።

የድሮዎቹ አውሮፕላኖች ከተልባ ክር የተሸመነ ሊነን ወይም ጥጥ ነበር የሚለብሱት። በኋላ ፖሊስተር መጣ። ለሞዴልም ቀጭን ፖሊስተር አለ። አንዳንዱ ሙጫው ከኋላው ተቀብቶ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደረቅ ሆኖ ሙጫውን እንጨቱ ላይ ለብቻ መቀባት ይጠይቃል። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሙጫው የት እንዳለና የት እንደሌለ አውቃለሁ።

ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ አቅጣጫ ብዙም አይለጠጥም። በሰያፍ ሲሳብ ግን እሺ ይላል። ድሩን ከክንፉ ርዝመት ጋር አስተካክዬ አስቀምጣለሁ። የክንፉ ጫፍ የሚዞርበት ቦታ ላይ ስደርስ ጨርቁን በሰያፍ እስባለሁ። እጅጌን ትከሻ ላይ ስገጥም እንደማደርገው ትርፉን በትንሽ በትንሹ አካፍላለሁ እንጂ አንድ ቦታ አላከማችም። ብዙ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ በመቀስ መተልተል ይጀምራል። አያስፈልግም። ትዕግሥት ያለው እጅ ሩብ ክቡን ያለ አንድ ቁርጥ ይዞረዋል።

ከዚያ ሙቀቱ በደረጃ ነው። በ120 ዲግሪ አንድ ዙር፣ በ150 ሁለተኛ፣ በ175 አካባቢ የመጨረሻ። እውነተኛ አውሮፕላን የሚያለብሱ ባለሙያዎችም ፖሊስተርን የሚወጥሩት በዚሁ ሙቀት ገደማ ነው፤ 121 ላይ ጀምረው 177 ላይ ይጨርሳሉ። ፖሊስተር 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በሙቀት አየር ሽጉጥ ቸል ብሎ አንድ ቦታ መቆየት አደጋው እዚያ ነው። ለጨርቅ ካውያ እንጂ የአየር ሽጉጥ አልጠቀምም። ካውያ የሙቀት ወሰን አለው፤ ሽጉጡ የት እንደደረሰ አይናገርም። ሞዴሉ ቀጭን እንጨት ከሆነም የመጨረሻውን ዙር እተወዋለሁ፤ የኋላውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል።

የእውነተኛውን መልክ የሚያመጣው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ጨርቁ ከጎድኖቹ ጋር በሰም በተለበጠ ክር ይሰፋል። በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ጨርቁን ወደ ላይ ስለሚመጠው ሙጫ ብቻውን አይታመንም። ፈጣን አውሮፕላን ከሆነ ስፌቱ ይጠብቃል። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ያለው የክንፍ ክፍልም ነፋሱ ስለሚበረታ ከሌላው ይበልጥ ጠበቅ ተደርጎ ይሰፋል። ከዚያ በስፌቱ ላይ ጠርዙ በዚግዛግ መቀስ የተቆረጠ የጨርቅ ጥብጣብ ይለጠፋል። ዚግዛጉ ለጌጥ አልመጣም፤ ጠርዙ እንዳይተረተርና በደንብ እንዲይዝ ነው።

በሞዴል ላይ ይህን ማሳየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጎድን ላይ በእኩል ርቀት ነጭ ኮላ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጌ አደርቃለሁ። በላዩ ላይ ቀጭኑን ጥብጣብ እለጥፋለሁ። እውነተኛው ጥብጣብ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሩብ መጠን 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሞዴል ላይ 20 እና 25 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ተለጥፎ አያለሁ። ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ ዓይን አልቀበል የሚለው በዚህ ነው። የጠብታው ርቀትም እንዲሁ ከእውነተኛው ተለክቶ ለአራት ይከፈል። የክንፉ ሆድ ወደ ውስጥ የጎበጠ ከሆነ፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ጨርቁ ከመወጠሩ በፊት ከእያንዳንዱ ጎድን ጋር መያያዝ አለበት። አለበለዚያ ሲወጠር ጉብጠቱን ትቶ ቀጥ ይላል። እኔ እዚህ ላይ በእውነተኛ መርፌና ክር እሰፋለሁ።

ቀለም ላይ የምለው አጭር ነው፤ ቀጭን ይሁን። አንድ ስሌት ላሳያችሁ። የሩብ መጠን ካብ ክንፍ ስፋት 1 ስኩዌር ሜትር ያህል ነው። ላይና ታች 2 ይሆናል። ጭራውና አካሉ ሲጨመር 3 ገደማ በሉት። በስኩዌር ሜትር 50 ግራም ትርፍ ቀለም ከረጫችሁ 150 ግራም ጨምራችኋል። ጭራ ላይ ያረፈው ደግሞ ከሚዛኑ ነጥብ ሩቅ ስለሆነ አፍንጫው ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ እርሳስ ያስጨምራል። ኤለሮንና ኤለቬተር በሚባሉት፣ ክንፉና ጭራው ላይ በሚታጠፉት መሪ ክፍሎች ላይ የተከመረ ቀለም ከዚህም ይብሳል። ክብደቱ ከማጠፊያው ኋላ ስለሚሆን በፍጥነት ጊዜ ክፍሉ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል። የሚርገበገብ ኤለቬተር አውሮፕላን ያፈርሳል። ስለዚህ የክለቡ ልጆች ቀለም ከመርጨታቸው በፊትና በኋላ ጭራውን በሚዛን እንዲመዝኑ እነግራለሁ።

ድምቀቱንም ቀንሱት። እውነተኛው አውሮፕላን ቢያብረቀርቅም ያንኑ ብልጭታ በሩብ መጠን ላይ ካደረግነው አሻንጉሊት ይመስላል። ከፊል ድምቀት ያለው የላይኛ ሽፋን ይሻላል። ብርሃን ማለፉንም አስቡት። ብዙ ጨርቅ ለባሽ አውሮፕላኖች ከቀለሙ ሥር ፀሐይ ጨርቁን እንዳትበላው የብር ቀለም ስለሚቀቡ ብርሃን አያሳልፉም። ሞዴሉ ሰማይ ላይ ሆኖ ጎድኖቹ በቀለሙ ውስጥ ከታዩ ልክ አይመጣም። ስስ የብር ቀለም ከሥር መርጨት ያስተካክለዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ሳይቀለም በግልጽ ዶፕ (ጨርቁን የሚወጥርና የሚያጠነክር ፈሳሽ ቅባት) ብቻ የተቀባ ሊነን ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ብርሃን ማለፍ አለበት፤ ጎድኖቹም ይታዩ።

የምጠይቃችሁ ነገር አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እነዚህ አውሮፕላኖች ስትጽፉ ፎቶግራፍ አንሺያችሁ ከክንፉ ሥር ይግባ። መጋጠሚያውን፣ የክንፉን ጫፍ፣ የኤለሮኑን ማጠፊያ በቅርብ ያንሳ። ሠሪውን ስለ ሞተሩ እንደጠየቃችሁት አልባሹንም ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ስለ ልባሱ ግን ማንም ስለማይጠይቀው አይናገርም።

ደብዳቤዬ ረዝሟል። ቦታ ጠቧችሁ ማሳጠር ካለባችሁ ከላይ ያለውን ቁረጡ፤ የሚከተለውን አንቀጽ ግን እንዳለ አውጡልኝ።

ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጨው ግልጽ የፖሊዩሬቴን ቀለም እጅግ ያምራል፤ ነዳጅም አይበግረውም። በውስጡ ግን አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። በሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም ዋና ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ ነው። ሽታው አደጋውን አይናገርም። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። የአቧራ ጭንብል አያቆመውም። ባለሙያ ቀቢዎች አየር በቱቦ የሚደርሰው ጭንብል አድርገው፣ አየሩ ተስቦ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ነው የሚረጩት። ያ ከሌላችሁ ቤት ውስጥ አትርጩ፤ ያለውን ቀቢ ፈልጋችሁ ስጡት፣ ወይም በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ በብሩሽ ቀቡ። ናይትሬት ዶፕም በብልጭታ ይነዳል። ቆርቆሮው ክፍት እያለ ካውያ፣ የሙቀት ሽጉጥም ሆነ ሲጋራ በዚያ ክፍል አይኑር። ዶፑ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ክንፉን ማሞቂያ አጠገብ ለማድረቅ አታስጠጉት፤ ልጆችም ወደ ክፍሉ አይግቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ